ያረጀ ተሳቢ ቤት አክስሉ ሲለወጥ፦ የደከመ ላስቲክ ኬሚስትሪና ፊዚክስ

አንድ ተሳቢ ቤት ሃምሳና ስድሳ ዓመት ካገለገለ በኋላ ከሁሉ አስቀድሞ የሚደክመው የትኛው ክፍሉ ነው? ተሳቢ ቤት የምንለው በመኪና የሚጎተት፣ አልጋና ማዕድ ቤት ያለው፣ ለረጅም ጉዞና ለሽርሽር የሚያገለግል ትንሽ ቤት ነው። በአገራችን መንገዶች ላይ እምብዛም አይታይም። በሰሜን አሜሪካ ግን በብዛት የሚገኝ ሲሆን፣ ያረጁትን ገዝቶ ማደስ ራሱን የቻለ ሙያ ሆኗል። አዳሾቹ ብዙውን ጊዜ ቀድመው የሚያስቡት ስለ ወለሉ፣ ስለ መስኮቱና ስለ ምድጃው ነው። አክስሉ ከሥር ተደብቆ ስለሚኖር ጎማው እስከተሽከረከረ ድረስ ደኅና ነው ተብሎ ይታለፋል። እኛ በዚህ ጽሑፍ ለማሳየት የምንሞክረው አንድ አክስል ጎማው በሚገባ እየተሽከረከረም ሥራውን ሙሉ በሙሉ አቁሞ ሊሆን እንደሚችል፣ በሚለወጥበት ጊዜም ከሁሉ የጠነከረውን መግዛት ቤቱን መጉዳት እንደሆነ ነው።

ለማሳያነት የመረጥነው ኤርስትሪም የተባለውን የአሜሪካ ተሳቢ ቤት ነው። ዋሊ ባያም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1931 የመሠረተው ይህ ድርጅት በኦሃዮ ግዛት፣ ጃክሰን ሴንተር በምትባል አነስተኛ ከተማ ፋብሪካ አለው (ከዚህ በኋላ የምንጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። የቤቱ አካል እንደ አውሮፕላን ከተጠማዘዘ የአሉሚኒየም ላሜራ በሪቬት ተያይዞ ይሠራና ከብረት ሻንሲ ላይ ይቀመጣል። ለአገራችን ምድርም ፈጽሞ ባዕድ አይደለም። በ1959 እና በ1960 ባያም ራሱ የመራው የተሳቢ ቤቶች ጉዞ ከኬፕ ታውን ተነሥቶ ካይሮ ድረስ ሲዘልቅ ኢትዮጵያን አቋርጧል፤ ተጓዦቹም ከአፄ ኃይለ ሥላሴ ጋር ተገናኝተዋል። በዚያ ጉዞ የተሳተፉት ተሳቢዎች የተቀመጡት ሁላችንም በጭነት መኪና ሥር በምናውቀው ባሌስትራ ላይ ነበር። ድርጅቱ ባሌስትራውን ትቶ በላስቲክ ወደሚሠራው አክስል የተሸጋገረው በ1961 ነው። ዛሬ በእድሳት ላይ የሚገኙት የ1960ዎቹና የ1970ዎቹ ኤርስትሪሞች እንግዲህ በአብዛኛው በላስቲክ ላይ የሚሄዱ ናቸው። ላስቲክ ደግሞ ከብረት በተለየ መንገድ ያረጃል።

ከመቀጠላችን በፊት ስለ ቃላት አንድ ነገር እንበል። በተለምዶ ቁሱንም፣ ከቸርኬው ላይ የሚገጠመውን ዕቃም «ጎማ» እንላለን። እዚህ ግን እንዳይምታታ ቁሱን «ላስቲክ»፣ መንገዱን የሚነካውን «ጎማ» እያልን እንቀጥላለን።

በቱቦው ውስጥ ያለው

ባሌስትራ አሠራሩን ለማየት ጎንበስ ማለት ብቻ ይበቃል፤ የላስቲክ አክስል ግን ሁሉን ነገር በውስጡ ሰውሮ ይይዛል። ከውጭ የሚታየው ከሻንሲው ጋር በቡሎን የታሰረ፣ ወደ ጎን የተጋደመ ባለ አራት ማዕዘን የብረት ቱቦ ነው። በቱቦው ውስጥ ከግራም ከቀኝም ጫፍ አነስ ያለ ባለ አራት ማዕዘን ዘንግ ይገባል። ዘንጉ ከቱቦው አንጻር በ45 ዲግሪ ዞሮ ስለሚቀመጥ የዘንጉ ጠርዞች ከቱቦው ግድግዳዎች መካከል ጋር ይገጣጠማሉ፤ የቱቦው አራት ማዕዘኖች ደግሞ ክፍት ይሆናሉ። በእነዚህ አራት ክፍት ቦታዎች ውስጥ አራት ድፍን የላስቲክ ዘንጎች ይገባሉ። የዘንጉ ቅርጽና የላስቲኮቹ ብዛት እንደ ፋብሪካው ሊለያይ ይችላል፤ መርሁ ግን አንድ ነው።

ከውስጠኛው ዘንግ ጫፍ ላይ ወደ ኋላ የሚዘረጋ አጭር የብረት ክንድ አለ። ጎማው የሚያያዘው ከዚህ ክንድ ጫፍ ጋር ነው። ጎማው ጉብታ ላይ ሲወጣ ክንዱ ወደ ላይ ይነሣል፤ ዘንጉም በቱቦው ውስጥ ይዞራል። ዘንጉ ሲዞር ጠርዞቹ ላስቲኮቹን ከቱቦው ማዕዘን ጋር ያጣብቋቸዋል፤ ጉብታው ሲታለፍ የተጨመቁት ላስቲኮች ዘንጉን ወደ ቦታው ይመልሱታል። ሞላም፣ ባሌስትራም፣ የሚፋተግ ብረትም የለም። ላስቲክ ሲጨመቅና ሲለቀቅ ከተቀበለው ጉልበት ከፊሉን ወደ ሙቀት ስለሚለውጠው የንዝረቱን የተወሰነ ክፍል ራሱ ያበርዳል። ግራና ቀኝ ያሉት ጎማዎችም አንዱ ሌላውን ሳያናውጥ በየራሳቸው ይነሣሉ፣ ይወርዳሉ። እንዲህ ያለ ቀላልና ብልህ ንድፍ በየቀኑ አይገኝም።

ላስቲኮቹ በዚያ ጠባብ ቦታ ውስጥ እንዴት ሊገቡ ቻሉ የሚል ጥያቄ ያነሣ አንባቢ ትክክለኛውን ጥያቄ አንሥቷል። የተፈጥሮ ላስቲክ ከዜሮ በታች 70 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲደርስ ተለጣጭነቱን አጥቶ እንደ ብርጭቆ ይጠነክራል። በፋብሪካው የላስቲክ ዘንጎቹን ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ በሚደርስ ፈሳሽ ናይትሮጅን አቀዝቅዘው፣ ቀጥነውና ደርቀው ሳሉ ወደ ቱቦው ያስገቧቸዋል፤ ሙቀታቸው ሲመለስ ቦታውን ሞልተው ይወጠራሉ። ያረጀውን ላስቲክ ብቻ አውጥቶ በሌላ መተካት የተራ ጋራዥ ሥራ ያልሆነው ስለዚህ ነው። የሚለወጠው መላው አክስል ነው።

ላስቲክ ምን ያስታውሳል?

ላስቲክ ከጥቃቅን ሞለኪውሎች ክምር የተሠራ አይደለም። እያንዳንዱ ሞለኪውል እጅግ ረጅም ሰንሰለት ሲሆን፣ ሰንሰለቶቹ እንደተወሳሰበ ፈትል እርስ በርሳቸው ተጠላልፈው ይገኛሉ። ጥሬው ላስቲክ በሙቀት ይለሰልሳል፣ በብርድ ይደርቃል፤ ብቻውን ለብዙ ሥራ አይሆንም። ቻርልስ ጉድይር በ1839 ላስቲክን ከድኝ ጋር አብሮ በማሞቅ ይህ ጠባይ እንደሚለወጥ ደረሰበት፤ በ1844 ደግሞ በአሜሪካ የፈጠራ ባለቤትነት መብት አገኘበት። ድኙ በሰንሰለቶቹ መካከል ድልድይ ይሠራል። ሰንሰለቶቹ በድልድይ ከተያያዙ በኋላ እንደ ልባቸው ሊንሸራተቱ አይችሉም፤ ሲሳቡ ወይም ሲጨመቁ ይታዘዛሉ፣ ሲለቀቁ ግን ድልድዮቹ ወደሚያውቁት ቅርጽ ይመልሷቸዋል።

የሚመልሳቸው ኃይል ከብረት ሞላ የተለየ መሆኑ ለፊዚክስ ተማሪ ልብ ሊባል ይገባዋል። ብረት ሲጎብጥ በአተሞቹ መካከል ያለው ርቀት ይለወጥና አተሞቹ ወደ ቀድሞ ቦታቸው ይስባሉ። ላስቲክ ሲለጠጥ ግን በዋናነት የሚለወጠው የሰንሰለቶቹ ሥርዓት ነው፤ የተወሳሰበው ሰንሰለት በግድ ይደረደራል። ሰንሰለቱ ሊወሳሰብ የሚችልባቸው መንገዶች ሊደረደር ከሚችልባቸው መንገዶች እጅግ ስለሚበዙ፣ በለቀቅነው ጊዜ ወደ ውስብስቡ ይመለሳል። በሳይንሱ አነጋገር ኢንትሮፒው ይጨምራል ማለት ነው።

አሁን ይህን ላስቲክ ለአርባ ዓመት ከ1,500 ኪሎ ግራም በላይ በሆነ ክብደት ሥር እናስቀምጠው። ኦክስጅን ቀስ በቀስ ወደ ውስጥ እየዘለቀ አንዳንዱን ሰንሰለት ይቆርጣል፤ ከአሮጌዎቹ ድልድዮች ከፊሎቹ ይፈርሳሉ፤ በምትካቸውም አዳዲስ ድልድዮች ይሠራሉ። የነገሩ ቁልፍ እዚህ ላይ ነው። አዲሱ ድልድይ የሚያስታውሰው የተወለደበትን ቅርጽ ነው። ላስቲኩ ተጨምቆ ሳለ የተፈጠረ ድልድይ የተጨመቀውን ቅርጽ እንደ ተፈጥሮ ቅርጹ ይቆጥረዋል። በጊዜ ብዛት አዲሶቹ ድልድዮች አሮጌዎቹን ሲበልጡ ክብደቱ ቢነሣም ላስቲኩ አይመለስም። ከዚህም በላይ የድልድዮቹ ቁጥር እየበዛ ሲሄድ ላስቲኩ እየደረቀ ይመጣል።

ከዚህ ተነሥተን አንድ የተለመደ የገበያ አነጋገር ልንመረምር እንችላለን። «ሃያ ዓመት ሙሉ ጓሮ ቆሞ የነበረ፣ ብዙ ያልተነዳ» የሚለው ማስታወቂያ ለሞተር ጥሩ ወሬ ይሁን አይሁን ሌሎች ይከራከሩበት፤ ለላስቲክ አክስል ግን ምስጋና አይደለም። የቆመ ተሳቢ ላስቲኩን ሌሊትና ቀን በአንድ ቅርጽ እንደጨመቀ ይኖራል። ለረጅም ጊዜ የሚቆምን ተሳቢ ሻንሲውን በድጋፍ ላይ አንሥቶ ክብደቱን ከጎማዎቹ ላይ ማንሣት የሚመከረውም በዚሁ ምክንያት ነው። ከሩብ ምዕተ ዓመት በላይ የቆየ አክስል ሲያጋጥም ብዙ ተነዳም አልተነዳም በጥርጣሬ ማየት ይገባል።

በማስመሪያ የሚለካ ጤንነት

ጥርጣሬውን ለማጥራት ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ተሳቢው በደልዳላ መሬት ላይ ቆሞ ሳለ የክንዱን አቀማመጥ እናያለን። ጤነኛ አክስል ሙሉ ጭነቱን ተሸክሞ ክንዱ ከመሬት ጋር ትይዩ ወይም ከዚያ ጥቂት ዝቅ ያለ ነው። የክንዱ የጎማ ጫፍ ከቱቦው ከፍ ብሎ ወደ ላይ ካመለከተ ላስቲኩ ተረትቷል። ቀጥሎ ሻንሲው በክሪክ ተነሥቶ ጎማው ከመሬት እስኪለቅ ድረስ እንጠብቅና ክንዱ ከነበረበት ምን ያህል ዝቅ እንዳለ በማስመሪያ እንለካለን። ይህን ልክ «ዝቅታ» እንበለው። ዝቅታው ላስቲኩ እስከ አሁን ያልረሳው እንቅስቃሴ ማለት ነው።

ለምሳሌ የክንዱ ርዝመት 15 ሴንቲ ሜትር፣ ባዶውን ሲንጠለጠል ወደ ታች የሚያዘነብልበት ዘዌ 22.5 ዲግሪ ይሁን። ሙሉ ጭነት ክንዱን ከመሬት ጋር ትይዩ ያደርገዋል ብንል፣ ዝቅታው 15 ሲባዛ በሳይን 22.5 ማለትም 5.7 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። አዲስ አክስል እንዲህ ነው። የደከመው ግን ጎማው ተንጠልጥሎም 1 ሴንቲ ሜትር ብቻ ቢወርድ አያስገርምም።

ይህ ልዩነት በመንገድ ላይ ምን ያስከትላል? በሁክ ሕግ መሠረት የሞላው ጥንካሬ የተሸከመው ክብደት ለዝቅታው ሲካፈል የሚገኘው ነው። ጎማው በድንገት አንድ ጉብታ ላይ ቢወጣና ቤቱ ገና ከቦታው ያልተንቀሳቀሰ ቢሆን፣ ወደ ቤቱ የሚተላለፈው ተጨማሪ ኃይል ከጥንካሬውና ከጉብታው ከፍታ ብዜት ጋር እኩል ነው። ሁለቱን ስናጣምር ክብደቱና መጠነ ቁሱ ተጣፍተው እጅግ ቀላል ዝምድና ይቀርልናል፦

የቤቱ ሽምጠጣ ÷ የመሬት ስበት ሽምጠጣ = የጉብታው ከፍታ ÷ ዝቅታው

ጉብታው 3 ሴንቲ ሜትር ይሁን። በጤነኛው አክስል 3 ለ5.7 ሲካፈል 0.53 ይሆናል፤ ቤቱ ከመሬት ስበት ግማሽ ያህል ሽምጠጣ ይደርስበታል። በደከመው አክስል 3 ለ1 ሲካፈል 3 ነው። በውስጡ ያለው ቁምሳጥን፣ ምድጃ፣ የውኃ ታንክ ሁሉ ለአፍታ ከራሱ ክብደት ሦስት እጥፍ በሆነ ተጨማሪ ኃይል ይመታል። እርግጥ ነው፣ ጎማው ራሱ በአየር የተሞላ ሞላ በመሆኑ በሁለቱም ሁኔታ ከምቱ የተወሰነውን ይቀንሳል። ሁለቱን አክስሎች ለማነጻጸር ግን ስሌቱ በቂ ነው።

የንዝረቱን ድግግሞሽም ከዚሁ ልክ ማግኘት ይቻላል። 9.8ን በሜትር ለተለካው ዝቅታ አካፍለን፣ ዳግም ዘሩን (ስኩዌር ሩቱን) አውጥተን ለ6.28 እናካፍለው። ዝቅታው 0.057 ሜትር ሲሆን ውጤቱ በሰከንድ 2.1 ጊዜ፣ ዝቅታው 0.01 ሜትር ሲሆን በሰከንድ 5 ጊዜ ይሆናል። በሰከንድ አምስት ጊዜ የሚናወጥ ቤት መንገዱ ያለማቋረጥ ካናወጠው በአንድ ሰዓት 18,000 ጊዜ ይናወጣል።

የዚህ ቁጥር ክፋት የሚገባን የቤቱ አካል አሉሚኒየም መሆኑን ስናስታውስ ነው። ብዙዎቹ የአረብ ብረት ዓይነቶች የድካም ወሰን አላቸው፤ ውጥረቱ ከተወሰነ ልክ በታች እስከሆነ ድረስ ሚሊዮን ጊዜ ቢደጋገም አይሰነጠቁም ማለት ይቻላል። አሉሚኒየም እንዲህ ያለ ግልጽ ወሰን የለውም። ትንሽ ውጥረትም ቢሆን በበቂ ብዛት ከተደጋገመ ስንጥቅ ይወልዳል። የደከመ አክስል ባለበት ተሳቢ ላይ የሪቬት ራሶች እየተቆረጡ የሚወድቁት፣ በበሩና በመስኮቶቹ ማዕዘን ላይ ላሜራው የሚሰነጠቀው፣ ብሎኖች በራሳቸው ፈትተው ወለል ላይ የሚገኙት ስለዚህ ነው። በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ በተሠሩ አንዳንድ ኤርስትሪሞች ላይ የታወቀ አንድ ሕመም አለ፤ የኋላው የሻንሲ ጫፍ ከቤቱ አካል ተላቅቆ ዝቅ ይላል። የሚጀምረው ዝናብ ሰርጎ የኮምፔንሳቶውን ወለል ሲያበሰብሰው ሲሆን፣ ድርቅ ያለ አክስል ያፋጥነዋል። አዲስ አክስል ከመግዛት በፊት የኋላውን ወለልና ሻንሲውን በወስፌ እየወጉ መፈተሽ የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው። የበሰበሰ ሻንሲ ላይ አዲስ አክስል ማሰር ገንዘብ መጣል ነው።

ጠንካራው ለምን አይመረጥም?

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በአገራችን የጭነት መኪና ባለቤቶች ተጨማሪ ባሌስትራ እንደሚያስጨምሩ ሁሉ፣ የተሳቢ ቤት አዳሾችም «ለመጠባበቂያ ይሁን» ብለው ከሚያስፈልገው በላይ የሚሸከም አክስል ያዝዛሉ። ለመስበር ካሰብን አመክንዮው ትክክል ይመስላል። ለሞላ ካሰብን ግን ስሕተት ነው።

በቁጥር እንየው። ተሳቢው ውኃውን፣ ጋዙንና ዕቃውን ይዞ 1,800 ኪሎ ግራም ይመዝን። ከዚህ ውስጥ ከ10 እስከ 15 በመቶው በጎታቹ መኪና መንጠቆ ላይ ማረፍ አለበት፤ ከዚህ ካነሰ ተሳቢው በፍጥነት ላይ ወደ ግራና ቀኝ መወዛወዝ ይጀምራል፣ ይህም ተሳቢዎችን ከሚገለብጡ ምክንያቶች አንዱ ነው። 12 በመቶ ብንወስድ 216 ኪሎ ግራሙ በመኪናው ላይ፣ 1,584 ኪሎ ግራሙ በአክስሉ ላይ ይሆናል። የመሸከም ልኩ 1,700 ኪሎ ግራም የሆነ አክስል ብናዝዝ ከሙሉ እንቅስቃሴው 93 በመቶውን ይጠቀማል፤ ዝቅታው 5.3 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ልኩ 3,000 ኪሎ ግራም የሆነውን ብናዝዝ ግን ያው ክብደት ከእንቅስቃሴው 53 በመቶውን ብቻ ያንቀሳቅሰዋል፤ ዝቅታው ወደ 3 ሴንቲ ሜትር ይወርዳል። ከላይ የጠቀስነው የ3 ሴንቲ ሜትር ጉብታ በመጀመሪያው 0.57፣ በሁለተኛው 1 እጥፍ የመሬት ስበት ሽምጠጣ ያደርሳል። ገዢው በአዲስ ገንዘብ በከፊል የደከመ አክስል ገዛ ማለት ነው።

ስለዚህ ሥራው በሚዛን ይጀምራል። ተሳቢው ለጉዞ እንደሚወጣ ሆኖ ተጭኖ ሚዛን ላይ ይወጣል፤ መንጠቆው ለብቻ፣ አክስሉ ለብቻ ይመዘናል። የአክስሉ ልክ ከተመዘነው በታች ፈጽሞ መሆን የለበትም፣ ጥቂት ብልጫ ይኑረው፣ ከዚያ በላይ ግን አይሂድ። ከአምሳ ዓመት በፊት በፋብሪካው ሰሌዳ ላይ የተጻፈውን ክብደት ብቻ ማመን አይበቃም፤ በመካከሉ ቤቱ አየር ማቀዝቀዣ፣ ከባድ ባትሪና አዲስ ወለል ገብቶለት ሊሆን ይችላል።

ከክብደቱ ሌላ የሚለኩት ጥቂት ናቸው፤ አንዱ ቢሳሳት ግን አክስሉ አይገጥምም። ከአንዱ የጎማ ማሰሪያ ገጽ እስከ ሌላው ያለው ስፋት፣ አክስሉ ከሻንሲው ጋር የሚታሰርባቸው ሁለት ቦታዎች ርቀት፣ የቸርኬ ቡሎኖቹ ብዛትና ክብ፣ የፍሬኑ መጠን፣ እንዲሁም የክንዱ መነሻ ዘዌ ናቸው። ስለ መጨረሻው ትንሽ እንጨምር። የመነሻ ዘዌው በበዛ ቁጥር ተሳቢው ከመሬት ከፍ ይላል። ያረጀው አክስል ቤቱን ለዓመታት ዝቅ አድርጎት ስለነበር ትክክለኛው አዲስ አክስል ሲገባ ብዙ ሴንቲ ሜትር ከፍ ማለቱ አይቀርም፤ ያኔ የመኪናው መንጠቆ ከፍታም አብሮ መስተካከል አለበት።

ይህ ማስተካከል ባለ ሁለት አክስል ተሳቢ ላይ ይበልጥ ይጠነክራል። በባሌስትራ በሚሄድ ተሳቢ ላይ የፊትና የኋላ ባሌስትራዎችን የሚያገናኝ ሚዛን አስተካካይ ብረት ስላለ ክብደቱ ለሁለቱ ይከፋፈላል። የላስቲክ አክስሎች ግን አይተዋወቁም፤ እያንዳንዱ ለብቻው ከሻንሲው ጋር የታሰረ ነው። የተሳቢው አፍንጫ ከፍ ብሎ ከተጎተተ የኋላው አክስል፣ ዝቅ ብሎ ከተጎተተ የፊተኛው ከድርሻው በላይ ይሸከማል። ከሁለቱ አንዱን ብቻ መለወጥም አይመከርም፤ አዲሱ ሞላ ሲሆን አሮጌው እንደ ድንጋይ ይቀመጣልና።

ሥራው

ተሳቢው በደልዳላና ጠንካራ መሬት ላይ ቆሞ፣ ከመኪናው ጋር ተያይዞ ወይም አፍንጫው በሚገባ ተደግፎ፣ ሻንሲው በክሪክ ይነሣል። ክሪክ ለማንሣት እንጂ ለመያዝ አይደለም። ማንም ሰው ከሥር ከመግባቱ በፊት ክብደቱ በብረት መቆሚያዎች ላይ ማረፍ አለበት፤ መቆሚያዎቹም የሚቀመጡት ከሻንሲው ዋና ብረት ሥር እንጂ ከቀጭኑ ላሜራ ሥር አይደለም። ጎማዎቹ ይወጣሉ፣ የፍሬኑ ሽቦዎች ምልክት ተደርጎባቸው ይቆረጣሉ፣ አሞርዛተር ካለው ይፈታል። ከዚያ በኋላ የአክስሉ ቡሎኖች ይፈታሉ፤ ከግማሽ ምዕተ ዓመት ዝገት በኋላ በቀላሉ እሺ ይላሉ ብሎ መጠበቅ አይገባም። አሮጌው አክስል ከባድ ስለሆነ በክሪክ ተደግፎ ቀስ ብሎ ይወርዳል።

የአዲሱን አክስል ቱቦ በማናቸውም ምክንያት መበየድ አይፈቀድም። ማሰሪያ ሰሌዳ መጨመር ካስፈለገ ሰሌዳው ከሻንሲው ጋር ይበየዳል፣ አክስሉ ግን በቡሎን ይታሰራል። የብየዳ ሙቀት በቱቦው ውስጥ ያለውን ላስቲክ ሳይታይ ያቃጥለዋል፤ ቱቦው ከውጭ ምንም ሳይሆን ውስጡ ያለቀ አክስል ይገኛል። ክንዶቹ ወደ ኋላ መዘርጋታቸውም ከማሰር በፊት ይረጋገጥ።

ቡሎኖቹ ከመጥበቃቸው በፊት አንድ የጂኦሜትሪ ሥራ አለ። ከተሳቢው አፍንጫ ማለትም መንጠቆውን ከሚይዘው ነጥብ እስከ አክስሉ ግራ ጫፍና ቀኝ ጫፍ ያሉት ርቀቶች ይለካሉ። አክስሉ ከተሳቢው መካከለኛ መስመር ጋር ቀጥ ያለ ዘዌ ከሠራ የሚፈጠረው ጎነ ሦስት ሁለቱ ጎኖቹ እኩል ናቸው። አክስሉ 2 ሜትር ስፋት ቢኖረውና ልዩነቱ 3 ሚሊ ሜትር ቢሆን፣ ጥመቱ ከአንድ ዲግሪ አንድ አሥረኛ አይበልጥም፤ ይህ መልካም ነው። ልዩነቱ 3.5 ሴንቲ ሜትር ቢደርስ ግን ጥመቱ 1 ዲግሪ ይሆናል። አንድ ዲግሪ ኢምንት ይመስላል፤ ነገር ግን ጎማው በየ1 ኪሎ ሜትሩ 17.5 ሜትር ወደ ጎን ሊሄድ ይፈልጋል ማለት ነው። መሄድ ስለማይችል አስፋልቱ ላይ እየተፋተገ ይበላል። አዲስ ጎማ በአንድ ጉዞ የሚያልቅበት ምሥጢር ብዙ ጊዜ ይኸው ነው።

ልኩ ሲስተካከል አዳዲስ ቡሎኖችና ራሳቸውን የሚቆልፉ ዳዶዎች ገብተው የአክስሉ አምራች ባዘዘው ልክ ይጠብቃሉ። ኩሽኔታዎቹ ግራሶ መሞላታቸው ይታያል። የኤሌክትሪክ ፍሬን ከሆነ ከመኪናው የሚመጣው ኮረንቲ በታምቡሩ ውስጥ ያለውን ኤሌክትሮማግኔት ያነቃዋል፤ ማግኔቱ ከሚሽከረከረው ታምቡር ላይ ተጣብቆ ማንሻውን ይስባል፣ ማንሻውም ሸራውን ይገፋል። የግራውና የቀኙ ክፍሎች አይቀያየሩም። ያረጀ ቀጭን ሽቦ በተቋቋሚነቱ ኮረንቲውን ስለሚቀንሰው ሽቦውን አብሮ መለወጥ ብልህነት ነው።

ተሳቢው ወደ መሬት ከወረደ በኋላ የጎማዎቹ ዳዶዎች በትክክለኛው ልክ ይጠብቃሉ፤ ከመጀመሪያዎቹ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ጉዞ በኋላም እንደገና ይፈተሻሉ፤ አዲስ ብረት በአዲስ ብረት ላይ ሲቀመጥ ጥቂት ይላላልና። በዚያው ዕለት የሁሉም ክንዶች ዘዌና ዝቅታ ይለካና ከቀኑ ጋር በማስታወሻ ይጻፍ፤ ማስታወሻውም ከተሳቢው ሰነዶች ጋር ይቀመጥ። ከአሥር ዓመት በኋላ ያንኑ ማስመሪያ ይዞ የሚለካ ሰው ላስቲኩ ምን ያህል እንደረሳ የሚያውቀው ከዚህ ቁጥር ተነሥቶ ነው።